ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን፦ የመንገዱ ርዝመትና የሙሳፊሩ ቀን

  

ረመዳን በተቃረበ ቁጥር ልጆቻቸው አሜሪካ ካሉባቸው ቤቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰናል። ጥያቄው ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ «እናታችን ከቦሌ ተነስታ ዋሽንግተን ልትሄድ ነው። ትኬቱ ማታ ተነስታ በማግስቱ ጠዋት ትደርሳለች ይላል፤ የሄዱ ሰዎች ግን መንገዱ አሥራ ሰባት ሰዓት ይፈጃል ይላሉ። የትኛውን እንመን? ሱሑሯን የት ትብላ? ሰላቷንስ በየትኛው አገር ሰዓት ትስገድ?» ይህን ጥያቄ «ሙሳፊር ስለሆነች ተፈቅዶላታል» ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት ይቻላል። ነገር ግን ጠያቂዎቹ የፈለጉት ፈቃዱን ብቻ አይደለም፤ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ማወቅም ይፈልጋሉ። ስለሆነም ዛሬ ከመንገዱ ርዝመት እንጀምርና ወደ ሰላቱና ወደ ፆሙ እንሄዳለን፤ አንዱ ያለ ሌላው አይገባምና።

በቦሌ አየር ማረፊያና በዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ መካከል ያለው አጭሩ የአየር ርቀት ከ11,500 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ደለስ ከከተማዋ ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቨርጂኒያ ውስጥ ይገኛል። ፉቀሃዎቻችን ሰላት ለማሳጠር መነሻ አድርገው የሚጠቅሱት ርቀት 4 ቡሩድ ወይም 16 ፈርሰኽ ሲሆን ይህም በዛሬው መለኪያ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐነፊይ መዝሀብ ሊቃውንት ደግሞ በሦስት ቀን የእግር ወይም የግመል ጉዞ ይለኩታል። በየትኛውም ልኬት ቢታይ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ሙሳፊር ስለመሆኑ ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

እዚህ ላይ «አጭሩ» ያልነውን ቃል ልብ በሉ። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በማስመሪያ መስመር ብንስል መስመሩ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ አድርጎ አትላንቲክ ውቅያኖስን ይሻገራል። ይህ መንገድ ወደ 12,100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አጭሩ መንገድ ግን ይህ አይደለም። ምድር ክብ ናት፤ ካርታ ደግሞ ክቡን ነገር ዘርግቶ ስለሚያሳይ ያዛባዋል። ብርቱካን ወስዳችሁ በሁለት ነጥቦች መካከል ክር ብትወጥሩ እውነቱን ታያላችሁ። በሉል ላይ ከቦሌ እስከ ደለስ የተወጠረ ክር ወደ ሰሜን ምዕራብ ወጥቶ በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በቱኒዚያና በአልጄሪያ አድርጎ ስፔንንና ፖርቱጋልን አቋርጦ ውቅያኖሱ ላይ ይወጣል። ሁለቱን መስመሮች ስናነጻጽራቸው 500 ኪሎ ሜትር ያህል ልዩነት አላቸው።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወንድሞቻችን ለምን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞረው እንደሚሰግዱ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? መካ ከዋሽንግተን ይልቅ ወደ ምድር ወገብ የቀረበች ናት። ስለዚህ በካርታ ላይ የሚታየው አቅጣጫ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የዋሽንግተን እስላማዊ ማዕከል መስጂድ ቂብላው ከምሥራቅ ወደ ሰሜን ያዘነበለ ሆኖ ሲታይ ብዙ ሰው ግራ ገብቶት ነበር። መሐንዲሶቹ ግን አልተሳሳቱም፤ ያሰሉት በሉል ላይ የተወጠረውን ክር ነው። በዚህ ስሌት የዋሽንግተን ቂብላ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 56 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዋሽንግተን ወደ ቦሌ የሚወስደው አጭሩ መንገድ ደግሞ 66 ዲግሪ ላይ ይጀምራል። ልዩነታቸው 10 ዲግሪ ብቻ ነው። ወደ አገሩ የሚመለሰው መንገደኛ አውሮፕላኑ መስመሩን ሲይዝ ፊቱ ወደ ቂብላ የቀረበ ነው ማለት ነው።

ይህን ሒሳብ ያወቁት የዘመኑ አብራሪዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። አል-ቢሩኒ በ1025 እ.ኤ.አ. ባጠናቀቀው «ተሕዲድ» በተሰኘው ሥራው በከተሞች መካከል ያለውን ርቀት በሉል ሒሳብ ያሰላ ነበር፤ ከዓላማዎቹም አንዱ የገዝናን ቂብላ በትክክል ማግኘት ነበር። ሙስሊም ሊቃውንት ይህን ዕውቀት ያዳበሩት ሰላታቸው ስለጠየቃቸው ነው። ዛሬ አውሮፕላን ነዳጅ የሚቆጥበው በዚያው ሒሳብ ነው።

አውሮፕላኑ ግን ክሩን እንደተወጠረ አይከተልም። የአገሮች የአየር ክልል ፈቃድ፣ ጦርነትና የአየር ጠባይ መንገዱን ያጣምሙታል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. (ኤፕሪል 2023 እ.ኤ.አ.) ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲቀሰቀስ የአገሪቱ ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ተዘግቶ በርካታ አየር መንገዶች ዙሪያውን ለመሄድ ተገደዱ። በምድር ላይ ያለው ፊትና ሰማይ ላይ ያለውን መንገድም ያረዝማል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ። 11,500ን ለ900 ብናካፍል 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ታዲያ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ያለማቋረጥ 13 ሰዓት ያህል የሚፈጀው ጉዞ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲሆን ስለምን 16 እና 17 ሰዓት ይሆናል? መንገዱ ያው መንገድ አይደለምን?

አንደኛው ምክንያት ነፋስ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ኬክሮስ ከፍ ባለው ሰማይ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ በተለይ በታኅሣሥና በጥር ይበረታል። ይህ ነፋስ በጉዞው ሁሉ በአማካይ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ቢያግዝና ቢቃወም ብለን ብናሰላ ወደ ምሥራቅ የሚመጣው ከ12 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሲደርስ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ወደ 14 ሰዓት ይጠጋል። በዚህ ላይ መነሻውና ማረፊያው የሚወስዱት ጊዜ ይታከላል።

ሁለተኛው ምክንያት የራሳችን ተራራ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሲገኝ ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በቦሌ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍ የሚያነሳው አየር ነው፤ ሞተርም የሚተነፍሰው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ያለ ሜዳና ከፍ ያለ ፍጥነት ይፈልጋል። ሙሉ መንገደኛ፣ ሙሉ ሻንጣና ለ14 ሰዓት የሚበቃ ነዳጅ በአንድነት ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ነዳጅ ቀነስ አድርጎ ይነሳና በመንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። በተለያዩ ዓመታት ሮምና ደብሊን ለዚህ አገልግለዋል። ከዋሽንግተን ሲነሳ ግን አየሩ ወፍራም ስለሆነ ሞልቶ ይነሳል፣ ነፋሱም ከኋላው ሆኖ ይገፋዋል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲስ አየር ማረፊያ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ባለ ቦታ ላይ መሆኑ ለዚህ ጉዳይም ይጠቅማል።

(ስለ ከፍታ ካነሳን፦ የአዲሶቹ አውሮፕላኖች ክፍል ውስጥ ያለው የአየር ግፊት 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል። በዚህ ስሌት የአዲስ አበባ ሰው አውሮፕላን ውስጥ ሲገባ ከቤቱ ወረደ እንጂ ወጣ አይባልም።)

ትኬቱን እንይ። እሁድ 22:45 ተነስቶ ሰኞ 08:15 የሚደርስ በረራ ነው እንበል። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:45 ተነስቶ ከጠዋቱ 2:15 ይደርሳል። ልዩነቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይመስላል። ትኬት ግን መነሻውን በመነሻው አገር፣ መድረሻውን በመድረሻው አገር ሰዓት ነው የሚጽፈው። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ ወደ ኋላ በ8 ሰዓት ትዘገያለች። አሜሪካኖች ከመጋቢት ሁለተኛ እሁድ እስከ ኅዳር መጀመሪያ እሁድ፣ በእነሱ ወር አቆጣጠር፣ ሰዓታቸውን ወደፊት ስለሚገፉ ያኔ ልዩነቱ 7 ይሆናል። ዘጠኝ ተኩል ላይ 8 ሲደመር አሥራ ሰባት ሰዓት ተኩል፤ 7 ሲደመር አሥራ ስድስት ሰዓት ተኩል። ስለዚህ ትኬቱም እውነቱን ተናግሯል፣ የሄዱትም ሰዎች አልዋሹም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠውና ብዙ ቤተሰብን ያስለቀሰው ግን የቀን ስም ነው። ትኬት ላይ «ሰኞ 00:30» ተብሎ ቢጻፍ በእኛ ልማድ ይህ ሰዓት «እሁድ ሌሊት ስድስት ሰዓት ተኩል» ነው። በአገራችን ልማድ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው። በትኬት ሕግ እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል። ሰኞ ማታ ሻንጣውን ተሸክሞ፣ ዘመድ አዝማድ አስከትሎ ቦሌ የሄደ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው መሆኑ ይነገረዋል። ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ እህቶቻችን ስንቶቹ በዚህ ተቸግረዋል! እውነቱን ለመናገር በዚህ ጉዳይ ሙስሊሙ ከማንም በፊት መንቃት ነበረበት። ምክንያቱም በሸሪዓችን ሌሊቱ ከቀኑ ይቀድማል፤ መግሪብ ሲገባ አዲሱ ቀን ገብቷል። የተራዊሕን ሰላት የምንጀምረው ከመጀመሪያው የፆም ቀን በፊት በሚገኘው ሌሊት አይደለምን? የጁምዓ ሌሊት የምንለውስ ሐሙስ ማታ አይደለምን? ስለዚህ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለ በረራ የተጻፈበትን ቀን በሒጅራ አቆጣጠራችን ብንረዳው አንሳሳትም፤ የሰኞ ሌሊት ማለት እሁድ ማታ የሚገባው ሌሊት ነው። ጽሑፍ ለማያነቡ ወላጆቻችን ይህንን ከጉዞው በፊት ቁጭ ብሎ ማስረዳት የልጆቻቸው ኃላፊነት ነው።

ወደ ፆሙ ስንመጣ መርሁ ቀላል ነው። ፆም የሚጀምረው በጎህ መቅደድ፣ የሚያበቃውም በፀሐይ መግባት መሆኑ በሱረቱል በቀራህ ተደንግጓል። ሙሳፊሩ የሚያየው የራሱን ጎህና የራሱን ፀሐይ ነው፤ የአዲስ አበባን ሰዓት ወይም የዋሽንግተንን ካላንደር አይደለም። ችግሩ የእሱ ጎህና የእሱ ፀሐይ ከእሱ ጋር የሚንቀሳቀሱ መሆናቸው ነው።

ምድር በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ትዞራለች። በምድር ወገብ ላይ ይህ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በ40 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ግን ወደ 1,280 ይወርዳል። አውሮፕላኑ በዚያ ኬክሮስ በ900 ፍጥነት ወደ ምዕራብ ሲሄድ ፀሐይን ሊያመልጣት ጥቂት ነው የሚቀረው። ሙሉ በሙሉ ባያመልጣትም ቀኑም ሌሊቱም ይንቀረፈፋል። ወደ ምሥራቅ ሲመጣ ሁለቱ ፍጥነቶች ስለሚደመሩ ጨለማው ቶሎ ይመጣል።

በተግባር እንየው። ከፍራንክፈርት ቀን ተነስቶ ወደ ዋሽንግተን የሚበር ፆመኛ የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት 6 ስለሆነ በፆሙ ላይ ስድስት ሰዓት ያህል ይጨመርበታል። የ12 ሰዓት ፆም 18 ይሆናል። በአንጻሩ በብርዱ ወራት ከዋሽንግተን ከጠዋቱ 5 ሰዓት ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው መሬት ላይ ቢቀመጥ ፀሐይዋ እስክትገባ ስድስት ሰዓት ያህል ይጠብቅ ነበር፤ በአውሮፕላኑ ላይ ግን በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ትገባበታለች። ሁለቱም ፆም ሙሉ ነው፤ የመጀመሪያው ሰው ከሁለተኛው የበለጠ አልፆመም፣ ሁለተኛውም አላጭበረበረም።

ማታ ከቦሌ የተነሱት እናት በታኅሣሥና በጥር ቢሄዱ ሌሊቱ ከእሳቸው ጋር ስለሚረዝም አዲስ አበባ ጎህ ሲቀድ እሳቸው ገና ጨለማ ውስጥ ናቸው። ሱሑራቸውን አውሮፕላን ላይ ቢበሉ ይችላሉ። በሰኔና በሐምሌ ግን አውሮፓ ላይ ጎህ እጅግ ማልዶ ስለሚቀድና ዋሽንግተን ላይ ፀሐይ ዘግይታ ስለምትገባ ቀኑ 20 ሰዓትን ሊያልፍ ይችላል። እዚህ ላይ ነው የአላህ እዝነት የሚታየው፦ በሽተኛና መንገደኛ አፍጥረው በሌሎች ቀናት ቀዷ እንዲያወጡ ተፈቅዷል። ስኳር ያለባቸው፣ በተለይም ኢንሱሊን የሚወጉ ወላጆች ይህን ቀን «እችለዋለሁ» በሚል ስሜት ብቻ ባይወስኑት እንመክራለን። መርፌው በየትኛው ሰዓት እንደሚወጋ ቀድሞ ሐኪም መጠየቅ አለበት፤ የቀኑ ርዝመት ሲለወጥ የመድኃኒቱም ሥርዓት ይለወጣልና። ለረጅም ሰዓት መቀመጥ በእግር ውስጥ ደም ሊያረጋ ስለሚችል ሁሉም መንገደኛ በየጊዜው ተነስቶ ቢራመድ፣ ያልፆመም ውሃ ቢጠጣ መልካም ነው።

አንድ ረቂቅ ነገር እንጨምር። 11 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሰው አድማሱ ከመሬት ሰው ይልቅ ዝቅ ብሎ ስለሚታየው ከታች ፀሐይ ከገባች በኋላ እሱ ሩብ ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያያታል። የአውሮፕላን አስተናጋጅ «ከታች ያለው ከተማ አፍጥሯል» ብትለውም ፀሐይዋን በመስኮት እያየ ሊያፈጥር አይችልም። በ2011 እ.ኤ.አ. የዱባይ የፈትዋ ኃላፊዎች 828 ሜትር በሚረዝመው ቡርጅ ኸሊፋ ውስጥ ከ80ኛው ፎቅ በላይ የሚኖሩ 2 ደቂቃ፣ ከ150ኛው በላይ ያሉት 3 ደቂቃ ጠብቀው እንዲያፈጥሩ የነገሩት በዚሁ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል መሬት ላይ ሳለ ፀሐይ ገብታ ያፈጠረ ሰው አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ፀሐይዋን ተመልሶ ቢያያት ፆሙ ተሟልቷል፤ እንደገና መታቀብ እንደሌለበት የዘመናችን ዑለማዎች ገልጸዋል።

ሰላትን በተመለከተ የአብዛኞቹ መዝሀቦች ሊቃውንት ለሙሳፊር ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻ ማጣመርን ይፈቅዳሉ፤ ሐነፊዮች ግን በሐጅ ጊዜ በዐረፋና በሙዝደሊፋ ካልሆነ አያጣምሩም። ማሳጠር የሚጀመረው የከተማው ሕንፃዎች ከታለፉ በኋላ ነው። ቦሌ ከተማው ውስጥ ስለሆነ የአዲስ አበባ ነዋሪ አየር ማረፊያው ውስጥ ሆኖ ዒሻን ሁለት ረክዓ አድርጎ አይሰግድም። ከደሴ ወይም ከጅማ መጥቶ በመተላለፍ ላይ ያለው ሰው ግን ቀድሞውኑ ሙሳፊር ነው።

በዚህ መንገድ ላይ አሳሳቢው ሰላት ፈጅር ነው። ከሌላ ሰላት ጋር አይጣመርም፤ ጎሁም ብዙውን ጊዜ የሚቀደው አውሮፕላኑ አየር ላይ ሳለ ነው። «ስደርስ እሰግደዋለሁ» ያለ ሰው ሲያርፍ ፀሐይዋ ወጥታለች። ወደ አሜሪካ ሲኬድ ደግሞ ቂብላው ከኋላ ነው፤ መቀመጫው ፊቱን ወደ ዋሽንግተን፣ ጀርባውን ወደ መካ አድርጎ ተተክሏል። ስለዚህ በመቀመጫ ላይ ሆኖ ቂብላን መቅጣጨት አይቻልም። የሚሻለው አስተናጋጆችን በትህትና አስፈቅዶ በስተኋላ በር አካባቢ ባለው ክፍት ቦታ ፊትን ወደ አውሮፕላኑ ጭራ አዙሮ ቆሞ መስገድ ነው። ሁለት ረክዓ ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ እኛ ባየነው አስተናጋጆቹም አብዛኛውን ጊዜ አይከለክሉም። ካልተፈቀደ ወይም አውሮፕላኑ የሚናወጥ ከሆነ ወቅቱ ከሚያልፍ እንደተቻለ ተቀምጦ ይሰገዳል፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ቂብላና መቆም የጎደለበትን ፈርድ ካረፉ በኋላ መድገም ያስፈልጋል።

ለውዱእ ብዙ ውሃ አያስፈልግም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከሊትር ባነሰ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል። ፍተሻ ላይ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ስለማያሳልፉ ባዶ ጠርሙስ ይዞ ከፍተሻው በኋላ መሙላት ይበጃል። የመጸዳጃ ቤቱን ወለል አርጥቦ መውጣት ግን ከሙስሊም አይጠበቅም፤ ከእኛ በኋላ የሚገባው ሰውም ሐቅ አለው።

የቀረችው የወሩ ቁጥር ናት። ረመዳን በአዲስ አበባና በዋሽንግተን በተለያየ ቀን ቢጀመር መንገደኛው የሚከተለው የደረሰበትን አገር ሰዎች ነው፤ ከእነሱ ጋር ይፆማል፣ ከእነሱ ጋርም ዒድ ያደርጋል። በዚህ ሳቢያ የፆማቸው ቀናት 28 ብቻ ከሆኑ ወር ከ29 ቀን ስለማያንስ ከዒድ በኋላ አንድ ቀን ይጨምራል። ወላሁ አዕለም።